በጌሙ ውስጥ ያልነበረው ፈረስ

በአንዲት ቃል ፈረስ ገድዬባቸዋለሁ፤ አባቴን ማለቴ ነው። ፈረሱ የመጽሐፍ ፈረስ ነበር። ቢሆንም እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እንጅባራ ቤት ተከራይቼ ዘጠነኛ ክፍል እማራለሁ። አርብ አርብ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄጄ ገጠር ወላጆቼ ቤት አድራለሁ፤ እሑድ ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ። በዚያ ዓመት አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ክፍላችንን አሳብዶት ነበር። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ነው፤ ደመና ላይ የተሠራ አገር አለበት፣ የሰው ንግግር የሚገባው ፈረስ አለበት፣ በዚያ ፈረስ አገር ላገር የምትዞር ልጅ አለችበት። መጽሐፉ ለሁላችንም አንድ ብቻ ስለነበር በተራ ነበር የምናነበው። ተራዬ ሲደርስ ይዤው ገጠር ገባሁ።

አባቴ ማንበብ አይችሉም፤ አማርኛቸውም ከገበያ አያልፍም። ግን ፈረሰኛ ናቸው። እኛ አገር ፈረሰኛ ማለት ከልጁ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከልጁ አስቀድሞ፣ ፈረሴን የሚል ሰው ነው። "ስለ ፈረስ ነው የሚያወራው" ስላቸው ቅዳሜ ከሰዓት ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። እኔም አማርኛውን በዓይኔ እያነበብኩ በአዊኛ እነግራቸው ጀመር። በየገጹ ያስቆሙኛል።

"መልኩ ምንድን ነው? ዳማ ነው?"

መጽሐፉ ግራጫ ነው ይላል። "አምባላይ ይሁን" ብለው ነጭ አደረጉት። ልጅቱ ያለ ኮርቻ ስትጋልብማ ጭራሽ ተቆጡ። "የማን ልጅ ናት? አሳዳጊ የበደላት!"

በሁለተኛው ቅዳሜ ፈረሱ የፊት እግሩን ተጎዳ። ልጅቱ ዋሻ ውስጥ አስተኝታው፣ ሣር አጭዳ አጠገቡ ትታለት፣ መድኃኒት ፍለጋ ወጣች። እዚህ ላይ ስንደርስ ከብት የሚገባበት ሰዓት ሆነና አቆምን። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ እናቴን "እንዴት ሆኖ ይሆን?" ሲሏት ከረሙ።

በዚያው ሳምንት አንድ የክፍላችን ልጅ ከዘመድ የተላከለት የእጅ ጌም ይዞ መጣ። ካርቶኑ ላይ ያ ፈረስ ተስሎበታል። ጌሙ የተሠራው ከዚያው መጽሐፍ ነው። ልጁ መጽሐፉን ለማንበብ ቸኩሏል፣ ተራው ግን ገና ነው።

"መጽሐፉን አሁን ስጭኝ፣ እኔ ጌሙን ለቅዳሜና እሑድ ላውስሽ። ታሪኩ እንዳለ እዚህ ውስጥ አለ" አለኝ።

አላቅማማሁም። አባቴ ፈረሱን በዓይናቸው እንዲያዩት ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አሞኘሁ። እውነቱን ለመናገር መተርጎሙ ሰልችቶኝ ነበር።

ቤታችን መብራት ስለሌለ ከተማ ቻርጅ አድርጌ፣ ባትሪው እንዳያልቅ አጥፍቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ወሰድኩት። አባቴ ከእርሻ መጥተው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ አጠገቤ ተቀመጡ። አበራሁት። ፈረሱ ጋማውን እያወዛወዘ ብቅ አለ።

"እሰይ!" አሉ።

ወዲያው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለው አውራ ጣት የማታክል ልጅ ብቻ ናት። በእግሯ ትሮጣለች፣ ሣጥን ትዘላለች፣ ኮከብ ትለቅማለች፣ ጉድጓድ ውስጥ ትወድቃለች፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ደመናው የለ፣ ዋሻው የለ። ከእጅ አይሻል ዶማ!

"ፈረሱስ?"

"ይመጣል፣ አባባ።"

ጠበቁ። ልጅቱ ስትወድቅ እኔን እኔን ይላሉ፤ ስትነሳ ከኋላዋ ፈረስ ይፈልጋሉ። "በእግሯ ነው እኮ የምትሄደው። ያን የመሰለ ፈረስ እያላት! አልዳነም እንዴ?"

ጣቴ ዝሏል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ቀይ ያበራል፤ መጽሐፉን በዚህ እንቶ ፈንቶ መለወጤ እያንገበገበኝ ነው። "ሞቷል" አልኳቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

"መቼ?" አሉ።

ምን ልበል? "በቁስሉ ነው፤ እዚያው ዋሻው ውስጥ።"

"ልጅቱ አልደረሰችለትም?"

"አልደረሰችም።"

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው ወጡ።

በጥር የፈረሰኞች በዓል ሰው ሁሉ ፈረሱን በቀይ የክር መርገፍ አሸብርቆ እንጅባራ ገባ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ፈረሱን አያስጌጥም። የአባቴ ፈረስ ያለ አንዲት ክር መጣ። አንድ የሚያውቃቸው ፈረሰኛ ደንግጦ "ምነው? ማን ሞተ?" ሲላቸው "አንድ ወዳጅ" አሉት። አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ያኔውኑ ዋሽቻለሁ ማለት እችል ነበር። ግን ለተረት ፈረስ ማዘናቸው ቢታወቅ ሰው ይስቅባቸዋል ብዬ ዝም አልኩ። የፈራሁት ለራሴ ነበር። መጽሐፉም እጅ በእጅ ሲዞር የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ቀረ።

ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ ዳንግላ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ አስፋልት ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል አገኘሁት። እዚያው ቆሜ ዋሻው ያለበትን ገጽ ፈለግሁ። ልጅቱ ዘግይታም ቢሆን ትደርሳለች። ፈረሱ ዋሻው አፍ ላይ በሦስት እግሩ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ይድናልም።

ቅዳሜ በሚኒባስ እንጅባራ፣ ከዚያም በእግሬ አገሬ ገባሁ። አባቴ አርጅተዋል፤ መጋለብም ትተዋል። ካቆምንበት ጀምሬ እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አንድ ጊዜም አላስቆሙኝም። ስጨርስ "ያኔ ዋሽቼዎት ነው፣ አባባ። መጨረሻውን አላነበብኩትም ነበር። ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። ይቆጡኛል፣ ወይም በመዳኑ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

"ቆሞ ይጠብቅ ነበር አልሽ?"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ በቁሙ ቀበርኩት።"

"እኔ ነኝ እንጂ፣ አባባ! እርስዎ ምን አጠፉ?"

የሰሙኝም አልመሰለኝም። እንደ በደለኛ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬቱን እያዩ "ይኸን ሁሉ ዓመት፣ አንድ ቀን እንኳ 'እስቲ እንደገና እዪልኝ' አላልኩሽም" አሉ።