የመዝገብ ቤቷ አሳየሽና የሐሰት ጠበቃው ደብዳቤ

አሳየሽ ባዳቾ ሶዶ ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጣች። ዳኛም ጠበቃም አልነበረችም፤ ሥራዋ የሚገባውን ወረቀት ማየት፣ ቁጥር መስጠትና የጎደለውን መመለስ ነበር። ፊርማ የሌለው ማመልከቻ፣ ውክልና ያልተያያዘበት ክስ በእሷ መስኮት አያልፍም። ወረቀት የተመለሰበት ሁሉ ያማርርባት ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት፣ ጉኑኖ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ያስተማሯት መምህር ኤርካሎ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ይዘው ቤቷ መጡ። ኤርካሎ በየገበያውና በየቀበሌው እየዞሩ የወላይትኛ ቃላትን ከነትርጉማቸው ይሰበስባሉ። በስምንት ዓመት ውስጥ ስድስት ሺህ ያህል ቃል በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ አውጥተዋል፤ ተማሪውም ተርጓሚውም ድረ ገጹን በስሙ ያውቀዋል።

"የድረ ገጼን ስም ሊወስዱብኝ ነው፣ አሳየሽ" አሉ።

ከአንድ የአዲስ አበባ የሕግ ቢሮ ተላከ የተባለ ኢሜይል አሳዩዋት። የድረ ገጹ ስም የደንበኛችን የንግድ ምልክት ነው፤ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ የስሙን ማስተላለፊያ ኮድ፣ ማለትም ስሙን ወደ ሌላ ባለቤት የሚያዛውረውን የምስጢር ቁጥር፣ ካልላኩ ይታሰራሉ ይላል።

"ቲቸር፣ ኮዱን ሰጧቸው እንዴ?"

"ልሰጥ ነበር። መጀመሪያ ላንቺ ላሳይ ብዬ ነው።"

"እንኳን መጡ።"

መነጽሯን አድርጋ፣ እንደ መሥሪያ ቤቷ ጊዜ ከላይ ጀምራ አነበበችው። ደንበኛችን ይላል እንጂ የደንበኛው ስም የለም። የንግድ ምልክቱ የምዝገባ ቁጥር የለም። የጠበቃው የፈቃድ ቁጥር የለም፤ ውክልናም አልተያያዘም። የተላከው ደግሞ ማንም ሰው በነጻ ከሚከፍተው የኢሜይል አድራሻ ነው።

"እዚህ ጋ ይዩ" አለች። "ጠበቃ በደብዳቤ ሰው አያስርም። ከሳሽ ክሱን ፍርድ ቤት ያስገባል፣ ፍርድ ቤት መጥሪያ ይልካል። ይሄኛው የቸኮለው ኮዱን ስለፈለገ ነው።"

"እውነት ቢሆንስ?"

"እውነት ከሆነ ማስረጃ አለዋ። እንጠይቀው።"

የጎደሉትን ዘርዝራ አራት መስመር መልስ ጻፈች። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ግን አልደወለችም፤ የሕግ ቢሮውን ትክክለኛ ቁጥር ከሌላ ቦታ ፈልጋ ደወለች። የቢሮው ጸሐፊ "በዚህ ስም ጠበቃ የለንም፤ በእኛ ስም አስፈራሩን ብለው ሲደውሉልን እርስዎ ሦስተኛዋ ነዎት" አለቻት። ኤርካሎ ደግሞ ስሙን ወዳስመዘገቡበት ድርጅት ደውለው፣ ስሙ እንዳይዛወር አስቆለፉ፤ የይለፍ ቃላቸውንም ቀየሩ።

በማግስቱ ከዚያው ኢሜይል አንድ መስመር መጣ፤ "ሰዓትዎ እያለቀ ነው።" አንድም ማስረጃ አልተያያዘም።

አሳየሽ ሳቀች። "መዝገብ ቤት ቢሆን ይሄኔ መልሼው ነበር።"

ከዚያ ወዲህ የሰውየው ድምፅ ጠፋ። ድረ ገጹ አሁንም ይሠራል።

በጥር ኤርካሎ ገሱባ ከተማ ላይ መምህራንን ሰብስበው ስለ ቃላቱና ስለ ሐሰተኛው ደብዳቤ ሲያወሩ አሳየሽን አስነሷት። "የስማችን ጠበቃ እሷ ናት" አሉ።

"ጠበቃ አይደለሁም" አለች አሳየሽ፣ ቀጥ ብላ ቆማ። "መዝገብ ቤት ነበርኩ።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ስብሰባው ሲያበቃ ሁለት መምህራን ስልካቸውን ይዘው ተጠጓት፤ እነሱም የደረሳቸውን ደብዳቤ ሊያሳዩዋት ነበር።