የተገኘ ሚስት

ትርፊት የተወለደችው ከአንጋጫ ከተማ ዝቅ ብሎ፣ ወንዝ ዳር ባለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው። እናቷ ሸክላ ትሠራለች፣ አባቷ ለሰው እንጨት ይፈልጣል። መሬት አልነበራቸውም፤ እንዲኖራቸውም አይፈቀድም ነበር። ገበሬው በእንሰት ማሳው መካከል እንዲያልፉ እንኳ አይፈልግም፤ እነሱ ካለፉበት እንሰቱ ይደርቃል ይባላል። ስለዚህ ትርፊት በልጅነቷ ድስት እንድታደርስ ስትላክ በአጥሩ ዙሪያ ትሄድና ደጃፍ ላይ ሆና ትጣራለች። ድስቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ፈንጠር ብላ ትቆማለች። የቤቱ ባለቤት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አኑረው ወደ ውስጥ ሲገቡ ሄዳ ታነሳለች። በዚህ የሚቆጣም የሚያፍርም አልነበረም።

ድስት ከምታደርስባቸው ቤቶች አንዱ የወይዘሮ ውቢት ነበር። ወይዘሮ ውቢት ባላቸው ሞቶባቸው አንድ ወንድ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ጸሎት የማያስታጉሉ ሴት ናቸው። ክፉ አልነበሩም። የሚሰጡት ቆጮ ከሌላው ቤት ወፈር ያለ ነው። ትርፊት በኋላ ስለ እሳቸው ስትጠየቅ አስቀድማ የምትናገረው ይህንኑ ነበር።

አብዮቱ መጣ። መሬት ሲከፋፈል ለሸክላ ሠሪዎቹም ረግረግ አጠገብ ያለ ቦታ ደረሳቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሰይፈሥላሴ የሚባል ካድሬ ከሆሳዕና መጥቶ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ አግዳሚ ላይ እንዲቀመጥ አዘዘ። ትርፊት አጠገብ የደረሳቸው ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ እንጂ አልተነሱም። መነሳት ያስጠይቃል።

ፊደል የሚያስቆጥረው የወይዘሮ ውቢት ልጅ ተገኘ ነበር። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ዝምተኛ ወጣት ነው። የትርፊትን ስም ሲጠራ እንደማንኛውም ሰው ስም ነበር የሚጠራው። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አብሯት እስከ ወንዙ ወረደ። ሌላም ቀን ወረደ። ወሬው ካድሬው ዘንድ ደርሶ ሁለቱም ተጠሩ።

«ትወዳታለህ?» አለው ሰይፈሥላሴ።

«አዎ።»

«ታገባታለህ?»

ተገኘ «አገባታለሁ» አለ።

ትርፊትን የጠየቃት የለም። ብትጠየቅም እሺ ትል ነበር። ግን ተገኘ ያንን ቃል ሁለቱ ብቻቸውን ቢሆኑ ይናገረው እንደነበር መቼም አላወቀችም፣ እሱንም አልጠየቀችውም።

ሰርጉ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሆነ። ሰይፈሥላሴ የድሮው ሥርዓት ዛሬ ተቀበረ ብሎ ንግግር አደረገ፤ ሰውም አጨበጨበ። ከዚያ ካድሬው ሕዝብ እያየ ከትርፊት ጋር ከአንድ ትሪ በላ። ወይዘሮ ውቢት ግን አልመጡም። አሞኛል ብለው ላኩ።

ማኅበሩ በሰጣቸው ቦታ ላይ ጎጆ ሠርተው ገቡ። ተገኘ አልመታትም፣ አልሰደባትም። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሸክላውን ተይው» አላት። ተወችው። ከዚያ ወዲህ ወንዝ ዳር ስትወርድ የገዛ እናቷ መደብ ላይ ነጠላ ታነጥፍላት ጀመር፤ እንደ እንግዳ።

ለመስቀል ተገኘ እናቱ ዘንድ ይሄዳል። ለብቻው ሄዶ፣ ሲመሽ ጠግቦ ይመለሳል። እሷ የሠራችው ምድጃው አጠገብ ተከድኖ ይጠብቃል።

«እናትህ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።»

«አትበላም?»

«በልቻለሁ።»

መጀመሪያ ሰሞን ይህ ያማት ነበር። በኋላ ማመሙን ተወ። ለበዓሉ የምትሠራውን ለአንድ ሰው በሚበቃ ልክ አደረገችው።

ልጅ ወለዱ፤ ተገኘ ሣራ አላት። ወይዘሮ ውቢት ለመጀመሪያ ጊዜ መጡ፤ ግን ከአጥሩ በር አላለፉም። ትርፊት ሕፃኗን ይዛላቸው ወጣች። ተቀብለው አቀፏት፣ ሳሟት፣ ብዙ ቆዩ። እግራቸው እንዳይደክም ብላ ትርፊት በርጩማ ብታወጣላቸው «አልቀመጥም» አሏት፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ሣራ መራመድ እንደጀመረች ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ ወረደ። የማኅበሩ አመራሮች ልጆች ቀሩ፤ ተገኘ ተመዘገበ። ትርፊት ልጇን አዝላ ሆሳዕና ወጣች። ሰይፈሥላሴ እዚያ ትልቅ ቢሮ ይዟል። ብዙ ከጠበቀች በኋላ አስገቧት። ካድሬው ወፍሯል፤ ሌላ እንግዳም ነበረው።

«ይቺን እኔ ነኝ የዳርኳት» አለው ለእንግዳው። «የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ባሏ የገበሬ ልጅ።»

እንግዳው አያት፤ ራሱንም ነቀነቀ።

«ጓድ፣ ለእናቱ አንድ ነው» አለች ትርፊት። «ይህቺም ልጅ አለችው።»

«እናት አገር የሁላችንም እናት ናት፣ እህቴ። ያኔ እኩል ነን አልን። ግዴታውም እኩል ነው።»

ልትለው የፈለገችው በአማርኛ እንዴት እንደሚባል አላወቀችም። ተገኘ ሰሜን ዘመተ፤ ከዓመት በኋላም መሞቱን የማኅበሩ ሊቀመንበር ለእናቱ ነገረ። ለትርፊት የነገራት የለም። እንጨት ስትለቅም ከላይ ሰፈር ጩኸት ሰማችና የማን ቤት እንደሆነ ከአቅጣጫው አወቀች።

ለቅሶው የተቀመጠው በወይዘሮ ውቢት ግቢ ነው። አስከሬን የለም፤ ፎቶግራፉን ወንበር ላይ አድርገውታል። ትርፊት ስትገባ ሴቶቹ ገለል አሉ፤ በዙሪያዋ ባዶ ቦታ ሆነ። የወንዝ ዳር ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያለቅሱ ስለነበር ወጥታ ከእነሱ ጋር ቆመች። ማልቀስ ግን አልመጣላትም። ሰዎች «አላለቀሰችም» ብለው አወሩባት። እሷ የምታስታውሰው የፎቶግራፉ ወንበር አንድ እግሩ ሰባራ እንደነበር ነው።

ከለቅሶው በኋላ ወይዘሮ ውቢት መጡ። ዛሬም በሩ ላይ ቆሙ።

«ሣራን ስጪኝ» አሏት።

ትርፊት ወደ ውስጥ፣ ልጅቷ ወዳለችበት ዞር ብላ አየች።

«እኔ ጋ ካደገች የተገኘ ልጅ ናት። መሬቴም የእሷ ነው፣ ስትደርስም ደህና ሰው ያገባታል። አንቺ ጋ ካደገች ግን...»

«እኔ ጋ ካደገች ምን?» አለች ትርፊት።

«ታውቂዋለሽ፣ ልጄ።»

ታውቀዋለች። ልጄ ብለዋት አያውቁም ነበር፤ ይህንንም አስተውላለች።

«ትምህርት ቤት ትግባ» አለች።

«ትገባለች። በእግዚአብሔር ስም እልሻለሁ። ግን አንቺ...» ወይዘሮ ውቢት ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። «እየመጣሽ እንዳታደናግሪያት። ሰውም እንዳያስታውሰው።»

ትርፊት ገባች፣ የልጅቷን ፊት አጠበች፣ ቀሚሷን አለበሰቻት፣ ይዛት ወጣች። ሣራ አያቷን ስለምትወድ አላለቀሰችም። እጃቸውን ይዛ እየተንጠላጠለች ሄደች። ትርፊት እስኪርቁ አላየቻቸውም። ወደ ውስጥ ተመልሳ ቤቱን ጠረገች።

ጎጆውን ማኅበሩ ለሌላ ሰው ሰጠው። ትርፊት እናቷ ዘንድ ተመልሳ ሸክላ ያዘች። እጇ አልረሳም። ጠዋት ጭቃ ታቦካለች፣ የተጠፈጠፈውን ታደርቃለች፣ ትተኩሳለች፣ በገበያ ቀን ትሸከማለች። ደስ ይልሻል ወይ ቢሏት ጥያቄው አይገባትም። ሰው ቢስቅ ትስቃለች፣ ቢሞት ለቅሶ ትሄዳለች። መንገድ ላይ የሰይፈሥላሴን መኪና ያየች ቀን ለሌላ ለማንኛውም መኪና እንደምታደርገው ገለል አለች።

ሸክላዋን የምትዘረጋው ከትምህርት ቤቱ በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው። አውቃ የመረጠችው አይደለም፤ ለሸክላ ሻጮች የተሰጠው ቦታ እዚያው ስለሆነ ነው። ተማሪዎች ሲለቀቁ ዓይኗን ከሸክላው አታነሳም። ሣራን የሰጠችው በዚህ ቃል ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን አንዲት ተማሪ ከጓደኞቿ ተነጥላ መጥታ ፊቷ ቆመች። ጫማ አድርጋለች። ግንባሯ የተገኘ ነው።

«እናቴ ነሽ ይሉኛል» አለች ሣራ።

«ማን?»

«ልጆቹ። ስንጣላ።»

«አያትሽ ምን አሉሽ?»

«እንዳታናግሪያት አለችኝ።»

«እንግዲያው ሂጂ።»

«እያናገርኩሽ አይደለም» አለች ልጅቷ። «እየጠየቅኩሽ ነው።»

ትርፊት መንገዱን ቃኘች። የሚያውቃቸው ሰው በአቅራቢያው የለም። ቢኖርም ያው ነበር።

«ነኝ» አለች።

ሣራ የትርፊትን እጅ አየች። ጭቃ ደርቆበት ነጥቷል። የራሷንም እጅ አየት አደረገች። ከዚያ ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። ልጆቹ የሆነ ነገር አሏት፤ ምን እንዳሏት ትርፊት ካለችበት አልተሰማትም።

በማግስቱ ሣራ በመንገዱ ማዶ በኩል አለፈች፤ በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። አንዳንድ ቀን ዞር ብላ ታያለች፣ አንዳንድ ቀን አታይም። ትርፊትም ያን ሰዓት ከሸክላው ቀና ማለት ጀመረች።