ፉርጎ ላይ ስም የሚጽፉት ሰው

የወተት ጥርሴ ገና እየረገፈ ሳለ፣ እኛ የቴፒ ልጆች ባቡር አይተን ባናውቅም ባቡር የማን እንደሆነ ከማንም በላይ የምናውቅ ይመስለን ነበር። የነገሩን አባባ ዩሱፍ ናቸው። ድሬዳዋ፣ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ፉርጎ ላይ ስም ሲጽፉ ኖረው፣ ሥራው ሲቀዘቅዝ ቴፒ ወደ ተዳረችው ልጃቸው መጥተው ጎረቤታችን ሆኑ።

ያኔ በቡና ለቀማ ወራት፣ እናቴ ታደለች ማድረቂያው የሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሸፍና ስታበቃ ትንኙን ለማባረር የቡና ገለባ ታጨስ ነበር። ገለባው ነበልባል የለውም፤ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ዓይን ያቃጥላል። አባባ ዩሱፍ ሲመሻሽ፣ ባንድ ጎኑ ቀይ በሌላው አረንጓዴ መስታወት ያለውን የባቡር ፋኖሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኛም ግማሻችን ቀይ ግማሻችን አረንጓዴ ሆነን እንከባቸዋለን።

ተረታቸው ስለ አንድ የብረት አውሬ ነበር። አውሬው መጀመሪያ የፈረንሳዮች ነበር፤ ሃዲዱም፣ መንገደኛው የሚሳፈርበትም፣ ቡናና ጨው የሚጫንበት ፉርጎም። እሳቸው ጎረምሳ ሆነው በተቀጠሩ ሰሞን ከንጉሡ መንግሥት ጋር ተካፈሉት ተባለና የድሮውን ስም በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው አዲሱን ጻፉ። ንጉሡ ወረዱ፤ ቆይቶ ፈረንሳዮቹም ወጡና ባቡሩ የእኛና የጅቡቲ የጋራ ሆነ፤ እንደገና ፍቀው እንደገና ጻፉ። በኋላ ደግሞ ለውጭ ኩባንያ ሊሰጥ ነው ሲባል ቀለም በጥብጠው ጠበቁ። ቀለሙ ጣሳው ውስጥ ደረቀ። እዚህ ላይ ሁሌም አንዳችን «አሁንስ የማን ነው?» ይላል፤ እሳቸው ፋኖሱን አንስተው ይሄዳሉ።

አንድ ዓመት ቀያሾች መጡና በማሳችን መሃል አናታቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተከሉ። ባቡር ሊያልፍ ነው ተባለ፤ መቼ እንደሚመጣ፣ የማንስ እንደሆነ የነገረን የለም። ችካሎቹ ያረፉት ሟች አባቴ በእጁ በተከለው ቡና ላይ ነበር። በሰፈሩ ባቡር የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ እናቴ ሄዳ ጠየቀቻቸው።

«ጋሽ ዩሱፍ፣ እውነት ይመጣል?»

«አቦ ታደለች፣ ችካል ከተተከለማ አይቀርም። ማሽኑ ገብቶ ከሚገለብጥብሽ ራስሽ ቁረጪው።»

እናቴ ቀናት አመነታች። እኔ ግን አውሬው በደጃችን እንዲያልፍ ስለጓጓሁ አለቀስኩባት፣ ነዘነዝኳት። በመጨረሻ መጥረቢያውን አነሳች። ግንዱን ያዝ አድርጌላት እየዘፈንኩ አስቆረጥኳት፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነበር። ማሳ የሚያዋስነን ሌላው ጎረቤታችን ግን እሳቸው ጋ የተተከሉትን ችካሎች ነቅለው አጥር ሠሩባቸው፤ ዛሬም ቡናቸውን ይለቅማሉ።

ባቡሩ አልመጣም። ከዓመታት በኋላ፣ አባባ ዩሱፍ ልጅ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ የሚያልፈውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ቴሌቪዥን አሳየን። ሽማግሌው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው ባቡሩ ጎን ላይ ያለውን ጽሕፈት ማን እንደጻፈው ጠየቁ። ያን ሁሉ ዘመን ስለቡናው አንድ ቃል ያልተናገረቻቸው እናቴ ያን ጊዜ አፏን ከፈተች።

«ጋሽ ዩሱፍ፣ ያን ሁሉ ስም ሲያጽፉዎት፣ የማን ይሁን ብለው አንድ ቀን ጠይቀውዎት ያውቃሉ?»



«አልጠየቁኝም። ቀለም ነው የሚሰጡኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ፋኖሱን ይዘው አልመጡም። በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ።

ብዙ ዘመን በሳቸው ስናደድ ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞሯል። ያ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ በየምሽቱ እውነቱን ነግረውናል፤ ሌሎች ሲሰጡና ሲቀበሉ እሳቸው ሲፍቁና ሲጽፉ እንደኖሩ። እኔ የሰማሁት አውሬውን ብቻ ነው።

ቡናው የተቆረጠባት ቁራጭ መሬት ዛሬም ሳር ብቻ ናት፤ ቡናው ተመልሶ አልያዘላትም። እናቴ አርጅታለች። ቴፒ በሄድኩ ቁጥር «የባቡሩን ሳር ለጥጃዋ አጭደሽ ነይ» ትለኛለች፤ ስትለው አትስቅም። ማጭዱን ይዤ እሄዳለሁ።