በዝግታ የዞረው ሸክላ

ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ የዘፈን ሸክላ መሰብሰብ ቂልነት ነው። ሙቀቱ ሰውን ያቀልጣል፣ ሸክላንማ ተዉት። በደርግ ጊዜ፣ የመንግሥት እርሻ ሠራተኛ ሳለሁ፣ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ቀዝቀዝ የሚለው ቦታ የውሃው እንስራ አጠገብ ብቻ ነበር። እሱን ለሸክላዎቼ ለቅቄ እኔ በላብ ተጠምቄ አድር ነበር። አከራዬ ታዲያ እየሰማሁ ለጎረቤት፣ እንዲህ ለሚስት ቢያስብ ኖሮ ይኸኔ ወልዶ ነበር ይላሉ።

ሸክላ የሚያመጣልኝ እዚያው አቅራቢያ ጀውሃ ከተማ ላይ ምሳ የሚበላ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ አሰብ ላይ ከመርከበኞች ይገዛል። የሚመርጠው በሽፋኑ ነው። ቆንጆ ሴት ካለችበት ያነሣዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ የማይረባ ነገር ታቅፌያለሁ። ጥርሱን እንዳመመው ሰው የሚያቃስቱ፣ ጊታር የሚደበድቡ የፈረንጅ ጎረምሶች ነበሩ፤ አዲስ ሙዚቃ ፈጠርን ባዮች ናቸው፣ ለእኔ ግን መቃኘት ያልተማሩ ሰነፎች ናቸው። ዲስኮውን ደግሞ አንዱን የሰማ ሁሉንም ሰምቷል።

አንድ ቀን ሽፋኑ ላይ ሽቦ ብቻ የተሳለበት ሸክላ ይዞልኝ መጣ። ቆንጆዎቹ አልቀው ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ዘፋኝ የለው፣ ከበሮ መቺ የለው፣ ከዳር እስከ ዳር በኤሌክትሪክ የተሠራ ድምፅ ነው። በዚያ ቆላ ውስጥ የማያልበው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ከሰው አስበልጬ ወደድኩት። አከራዬ በሩ ላይ ቆመው ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ወፍጮ ቤት ብለው ጠየቁኝ። ጆሮ የላቸውም አልኩ በሆዴ። ለነገሩ ከተማው በሙሉ ጆሮ የለውም ባይ ነበርኩ።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሊቀመንበር ቤቴ መጣ። የኢምፔሪያሊስት ዳንስ የሚያስደንስ ሰው አለ ተብሎ ተነግሮታል። የምደንሰው እኔው ብቻዬን ነኝ ብልም አልሰማኝም፤ ሁሉንም አጫውት አለኝ። እንግሊዝኛ የሰማበትን ሁሉ ሊወስድ በር አጠገብ ከመረው። የሽቦው ሸክላ ተራ ደረሰ። ትልቅ ሸክላ በዝግታ፣ ትንሹ በፍጥነት ነው የሚዞረው፤ ያ ግን ትልቅ ሆኖ እንደ ትንሾቹ በፍጥነት የሚዞር ነበር። ሆን ብዬ የማጫወቻውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ ወደ ዝግታው ገፋሁት። ዳንሱ ሞቶ ከባድ የብረት ድብደባ ብቻ ቀረ።

“ምንድን ነው የሚለው?” አለኝ።

የአከራዬ ወፍጮ ትዝ አለኝ። “ፋብሪካ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። የላብ አደሩ ድምፅ ነው።”

ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ የከመረውን ሁሉ ትቶልኝ፣ ይሄ ለሰፊው ሕዝብ ይሰማ ብሎ እሱን ብቻ ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ የቀበሌው ስብሰባ በእኔ ሸክላ ይከፈት ጀመር፣ በዝግታ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ። ፍጥነቱ ተሳስቷል ብል ዳንስ መሆኑ ሊታወቅብኝ ነው፤ እስር ቤቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ዝም ብል ያ ውብ ነገር በየስብሰባው ሲገደል ልሰማ ነው። ሁለተኛውን መረጥኩ።

አንድ እሑድ የቀበሌው ኪነት ቡድን አኮርዲዮን ተጫዋች ማጫወቻውን ስትነካካ መቆጣጠሪያው ተንሸራተተ። ሸክላው በገዛ ፍጥነቱ ተነሣ። ያንቀላፋው ሁሉ ቀና አለ። ከፊቴ የተቀመጡት አከራዬ ትከሻቸው መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ያለ ሐፍረት ተንቀጠቀጠ፤ ጎናቸው ያሉትም ተከተሏቸው። ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ላይ በዐይኑ ፈልጎ አገኘኝ።

“ጓድ፣ ፋብሪካው ምን ሆነ?”

ተነሣሁ።

“ምርት ጨመረ፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

ትኩር ብሎ አየኝ። ያወቀብኝ ይመስለኛል። ከዚያ ማጨብጨብ ጀመረ፤ የሚያጨበጭበውም በምቱ ልክ ነበር። አዳራሹ ተቀበለው።

ስንወጣ አከራዬ ጠጋ ብለው ወፍጮህ ዛሬ ገና ሠራ አሉኝ። ሸክላው ተፍቆ እስኪያልቅ በዚያው ፍጥነት ዞረ፤ ለእኔ አልተመለሰም። እኔም መልሱልኝ አላልኩም፤ ያን የናቅኩትን ከተማ ትከሻ ካየሁ በኋላ ብቻዬን እንስራ ሥር ቁጭ ብዬ ልሰማው አልፈለግኩም።