የራሔል ጣቶች የታጠፉበት ቅዳሜ

እስከ ዛሬ ይህን የሰማ ጆሮ የለም። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ለፓስተራችንም። ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ "በደሌን ይቅር በል" ብዬ በጅምላ አልፈዋለሁ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ዛሬ ልጥራው፦ የታናሽ እህቴን እጅ ያደረቅሁት እኔ ነኝ።

ራሔል መገናኛ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ሹሩባ ትሠራ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የተሳፈረችበት ባጃጅ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ተገለበጠና የቀኝ ክንዷ ነርቮች ተጎዱ። አጥንቱ ተጠገነ፣ ነርቩም ተሰፋ፤ ጣቶቿ ግን አልታዘዝ አሏት። ፊዚዮቴራፒስቱ ነገሩን በደንብ አስረድቶኛል፤ አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም። ነርቭ እንደገና የሚያድገው በጣም በዝግታ ነው። እስኪደርስ ድረስ ጣቶቿን ጠዋትና ማታ ሌላ ሰው እያጠፈ መዘርጋት አለበት፤ አለዚያ መገጣጠሚያዎቹ ይደርቃሉ። ያ ሌላ ሰው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ራሔል ሕክምናው አድክሟት እንዳንቀላፋች አንድ ነገርም አሳይቶኛል። የእጇን አንጓ ወደ ኋላ ቀና ሲያደርገው ጣቶቿ በራሳቸው ታጠፉ። በደስታ ልጮህ ስል፣ "አይ፣ ይሄ ጅማቱ ተወጥሮ ነው" አለኝ። "ነርቩ ገና ነው። እንዳይሸውድሽ።"

ለወራት ጣቶቿን አሠራኋት። ከቢሮ በፊት፣ ከቢሮ በኋላ፣ ሞቅ ያለ ውኃ፣ ፎጣ፣ አንዱ ጣት፣ ሌላው ጣት። ሰለቸኝ። ምን እሸፋፍነዋለሁ? የገዛ እህቴ እጅ ሰለቸኝ።

የቤት ኅብረታችን ለራሔል ጾም ያዘ። በጾሙ ማብቂያ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እንጦጦ ጫካ ለጸሎት ወጣን። ባሕር ዛፎቹ ሥር ክብ ሠርተን ቆምን፤ የታመመውን እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጸሎቱ ሲግል፣ ሁሉም ያን እጅ እያየ ሲያለቅስ፣ የደነዘዘ አንጓዋን ቀና አደረግሁት። ጣቶቿ ታጠፉ።

ሳላስበው ይሆን? ይህን ጥያቄ ለራሴ እያቀረብኩ ስንት ጊዜ ነጻ ልወጣበት ሞከርኩ! አይደለም። አውቄ ነው። ቀና ሳደርገው ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ አደረግሁት። እልልታው ቀለጠ። ራሔል ዓይኗን ገልጣ ጣቶቿን አየችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ያኔ አንዲት ቃል ብተነፍስ ምን ነበረበት? ጭራሽ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ መሰከርኩ። ጉባኤው በሙሉ አጨበጨበ። ደስ አለኝ፤ አዎ፣ ደስ አለኝ!

ከዚያ ወዲያ በምን ፊታችን ፊዚዮ እንሂድ? ለዳነ እጅ ስፖርት መሥራት እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው ተባለ። ያልኩትም እኔው ነኝ። ራሔል ጣቷን ማንቀሳቀስ ሳትችል "ተፈውሼያለሁ" እያለች ጠበቀች። እኔ ደግሞ ውኃ ከማሞቅ ተገላገልኩ።

ራሔል መጠበቅ ሲያቅታት፣ ከዓመት በላይ ቆይተን ወደ ሕክምናው ተመለስን። ፊዚዮቴራፒስቱ ጣቶቿን ሊዘረጋ ቢታገል እንጨት ሆነዋል። ክንዷን በመዳፉ ይዞ "እስቲ ጨብጪ" አላት። ጡንቻው ከቆዳዋ ሥር ተንቀሳቀሰ። ነርቩ ደርሶ ነበር፤ የሚታጠፍ ጣት ግን አልቆየውም።

"ለምንድን ነው የቀራችሁት?" አለ።

ራሔል ቀደመችኝ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለችው።

ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ኦፕራሲዮንም ተሞክሮ ብዙ አልፈየደላትም። አሁን ሳሎኑን ትታ መሪ ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ከኔው ጋር ናት፤ የልብሷን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ያን ቀን የተሰጣትን ፈውስ በጥርጣሬዋ እንዳጣችው ታምናለች። ብነግራት እጇ አይመለስም፤ ዝም ያልኩት ግን ለዚያ ብዬ አይደለም። እንዳትጠላኝ ፈርቼ ነው። ስለዚህ እናንተን፣ ይህን የምታነቡትን፣ ምሕረት አልለምናችሁም፤ ልትምሩኝ የምትችሉት እናንተ አይደላችሁም።

ባለፈው ሳምንት፣ "አስቱ፣ እምነቴ ጎድሎ እጄን አጥቻለሁ፤ ይቅር እንዲለኝ አብረሽኝ ጸልዪ" አለችኝ። አጠገቧ ተንበረከክሁ። እህቴ ላልሠራችው ኃጢአት እያነባች ንስሐ ገባች። እኔ አሜን አልኩ።