ያሳለፍነው ባቡር

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ስዊድንኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። የአራት ዓመቷ ልጄ ደግሞ አማርኛ ብትሰማም የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው፤ ያውም እየተንተባተበች። እኛ «ቀስ በይ» እያልን እናቋርጣታለን። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው እስክትጨርስ ይጠብቋታል።

አንድ ቀን ለመንተባተቧ ወደ ንግግር ባለሙያ ልንወስዳት ከጋሼ ጋር ሰፈራችን ሪንከቢ ባቡር ጣቢያ ቆመን ሳለ፣ ልጄ ወሬ ጀመረችላቸው። ባቡሩ መጥቶ በሩን ከፈተ።

«ጋሼ፣ ቀጠሮው ሊያልፈን ነው» አልኳቸው።

«ይሂድ። ልጅቷ እያወራች አይደለም እንዴ?»

ስትጨርስ ቀና አሉና «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ።

ከቀብራቸው በኋላ እዚያው ጣቢያ አንድ ረጅም ነገር ነገረችኝ። ሳላቋርጥ ሰማኋት። ጨርሳ ግን እሳቸው ይቆሙበት ወደነበረው ቦታ ዞረች። ለካ «ምን አለች?» እስኪሉ ነው የምትጠብቀው።