የአባባ የመጨረሻዋ ሳይክል

የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ዛሬም ሆዴ ይባባል። ባለፈው ሳምንት ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ሸምሱ ሳይክል ጥገና ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ ሸምሱ የፈነዳ ጎማ ላይ ማስቲሽ ቀብቶ እፍ እያለ ሲያደርቅ፣ ያ ሽታ ከመኪናው ጭስና ከረዳቶቹ ጩኸት መሃል ነጥቆ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ። ሸምሱ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ምላሱን አይቆጥብልኝም። አሮጌዋን ማውንቴን ሳይክሌን ገልብጦ በመሪዋና በኮርቻዋ አቁሟት፣ የኋላ ጎማዋን በጣቱ እያሽከረከረ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ወይ እቃዋን ሙልጭ አድርገን እንቀይር፣ ወይ ጥለሃት አዲስ ግዛ። በዚህ አያያዟ አንድ ቀን ትገድልሃለች" አለኝ። እሱ የሚያወራው ስለ ሳይክል ነው፤ የኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር።

ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ቦታ ያኔ ሜዳ ነበር። አባባ የምንላቸው አባቴ ቅዳሜና እሁድ፣ በክረምትም ጭቃው ጠፈፍ ባለ ቁጥር፣ ለሰፈሩ ልጆች ሳይክል የሚያከራዩት እዚያ ነው። የሰፈራችን ልጅ፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ ሚዛኑን መጠበቅ የለመደውና ጉልበቱን የላጠው በአባባ ሳይክሎች ላይ ነው፤ ሸምሱ እስካሁን ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ያገኘው ከአባባ ሳይክሎች በአንዷ የቤተክርስቲያኑን አጥር ሲጋጭ ነው። አባባ ሜዳውን አያዩም። ጀርባቸውን ሰጥተው ባሕር ዛፍ ሥር ይቀመጡና የተበሳ ጎማ ይለጥፋሉ፤ ሳይክሎቹን የሚጠብቁት በጆሯቸው ነበር። አንዷ ታንኳኳለች፣ አንዷ ታፏጫለች፣ አንዷ እንደ አሮጌ በር ታቃስታለች፣ እሳቸው ሁሉንም ለይተው ያውቋቸዋል። ልጆቹ ተራቸው ሲያልቅ አጥሩ ጥግ ሄደው ሹራብ ይለዋወጡና፣ የሌላውን ሹራብ የለበሰው እሱን መስሎ አንድ ዙር ለመስረቅ ይሞክራሉ። አባባ ታዲያ ዞር ሳይሉ፣ ማስቲሹን እየቀቡ፣ የልጁን ስም ጠርተው "ና ውረድ" ይሉታል። ማጅራታቸው ላይ ዓይን አላቸው ብለን እንምል ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን ጸጉራቸውን ሲቆረጡ ያን ዓይን ለማየት ፀጉር ቤቱ በር ላይ ተጋፍተን እንደነበር አልረሳውም።

ማውንቴኗ የመጣች ቀን ሰፈሩ ሰርግ መሰለ። ቀይ፣ ወፍራም ጎማ ያላት፣ ማርሽ የምትቀያይር ሳይክል በኛ ሰፈር ታይታ አታውቅም። አባባ የዚያን ቀን ለማንም አላከራዩዋትም። የሱሪያቸውን እግር ካልሲያቸው ውስጥ ከተቱ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ እኔን ከፊት ጫኑኝና ሜዳውን ዞሩት። ትንፋሻቸው አናቴ ላይ ይሞቀኛል፣ የአዲስ ጎማ ሽታ ከታች ይመጣል፣ ልጆቹ ከኋላ እየጮሁ ይሮጣሉ። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል የአባባ ልጅ የሆንኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ሜዳው ታጠረ፣ ቤት ተሠራበት፣ ሳይክሎቹም አንድ በአንድ ተሸጡ። ማውንቴኗን ግን አባባ እምቢ አሉ፤ ለኔ ሰጡኝ። እኔም አስተማሪ ሆኜ ቤቴል ወዳለው ትምህርት ቤት እሷን እየነዳሁ እሄዳለሁ፣ ምሳ ሰዓት አባባን ላበላ እሷን እየነዳሁ እመለሳለሁ፤ የታክሲ ሰልፍ ብጠብቅ እሳቸው ጦማቸውን ይውላሉ።

የአባባ ዓይን ቀድሞ ጠፋ፣ ቀጥሎ ደግሞ ትዝታቸው ሄደ። እጃቸውን ይዤ ሳጎርሳቸው "የማን ልጅ ነህ?" ይሉኛል። የእናቴን ስም እነግራቸዋለሁ፣ ስሜን እነግራቸዋለሁ፣ ፊቴን በእጃቸው አስዳስሳቸዋለሁ፤ ከንቱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶልኝ ነበር። የማውንቴኗ የኋላ ማርሽ ጥርሱ ተበልቶ እያነከሰች ነው የምትሄደው፣ ተክ ተክ ትልና ትዘላለች፣ ደግሞ ተክ ትላለች። ያን ድምፅ ይዤ ቅያሳችን ውስጥ ስታጠፍ፣ አባባ በሩ ላይ ካለችው ወንበራቸው ቀና ይሉና በስሜ ይጠሩኛል። "መጣህ ልጄ? ይቺን ሳይክል ዘይት ቀባት እንጂ!" ይሉኛል። እጃቸውን እስካስታጥባቸው ልጃቸው ነኝ። ከዚያ እንደገና ይጠፋባቸዋል። በታክሲ የመጣሁ ዕለት ግን ይቺም የለችም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ቤቴል በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለኝ፣ ማርሹም ከዳኝ፣ የአሸዋ መኪና ሥር ልገባ ስል ቦይ ውስጥ ዘልዬ ተረፍኩ። እዚያው ጭቃው ውስጥ ተኝቼ ያሰብኩት ስለ ራሴ አይደለም፤ እኔ ብሞት አባባን ማን ያበላቸዋል ብዬ ነው። አዲስ ሳይክል ብገዛ ድምፅ የላትም። እሷን ባሳድሳት፣ ቢያንስ አካሏ ያው ነው ብዬ ራሴን አባበልኩ። ሸምሱን "የኋላዋ ድምፅ እንዳይጠፋ አድርገህ ሥራት" ብዬ ለመንኩት።

"ሰው ድምፅ አጥፋልኝ ብሎ ይመጣል እንጂ!" ብሎ ሳቀ፣ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁ ቆመ። አባባን ያውቃቸዋል። ማርሹን በጨርቅ እየጠረገ ብዙ አየው። "ወንድሜ፣ የሚጮኸው እኮ የሞተው ነው። እሱን ከተውኩልህ ምኑን ሠራኋት?" አለኝ። እኔም ቀይራት አልኩት።

ዛሬ በምሳ ሰዓት እየነዳኋት መጣሁ። እንደ ልጅነቴ ቀን ቀላል ሆናለች፣ ፍሬኗን ሲነኩት ቀጥ ትላለች፣ ጠላኋት። ቅያሱ ውስጥ ስታጠፍ ድምፅ የለም። አባባ በሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ወደ ሌላ ነው። ፊታቸው ቆሜ "አባባ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። እጃቸውን ይዤ የሳይክሏ ብረት ላይ አስቀመጥኩት። በትህትና ዳሰሱት።

"ጥሩ ሳይክል ነው። ማንን ፈልገው ነው?" አሉኝ።

ሳይክሏን አጥሩ ላይ አስደገፍኳት። እሳቸው እንግዳ ማስቀየም አይወዱም፤ በእጃቸው አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ ፈልገው መታ መታ አደረጉልኝ።

"ልጄን ከሆነ ገና አልገባም። አሁን ይደርሳል፣ ከሩቅ እሰማዋለሁ። ይቀመጡ።"

ተቀመጥኩ። ሜዳው ሲታጠር ችዬዋለሁ፣ ሳይክሎቹ ሲሸጡ ችዬዋለሁ፣ ስሜ ከአፋቸው ሲጠፋም እንደምንም ችዬዋለሁ፤ ይኼኛውን ግን አልቻልኩትም፣ ለቅሶዬ አመለጠኝ። አባባ አንገታቸውን ወደ ቅያሱ ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበርና፣ ዝም እንድል እጃቸውን አነሱብኝ። አፌን በመዳፌ ያዝኩ፤ ምሳው እየቀዘቀዘ፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እኔን ጠበቅን።